ፍም በገል

ክብሪት በቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። ከቆጡ ላይ፣ ከበርበሬው ቅል አጠገብ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ ነበር። እናቴ ግን እሳት በፈለገች ቁጥር ክብሪት መጫር አትወድም፤ እሳት ለእርሷ የሚለኮስ ሳይሆን የሚያድር ነገር ነበር። ማታ እራት ተበልቶ፣ አባቴ በሩን ቀርቅሮ፣ እኛ ልጆቹ መደቡ ላይ ተደራርበን ስንተኛ፣ እርሷ ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብላ የቀረውን ፍም በእንጨት ትሰበስባለች፤ ደህናውን ኩበት መርጣ ከፍሙ ጋር ታጠጋጋዋለች፤ ከላይ አመዱን ቀስ አድርጋ፣ ሕፃን እንደማልበስ እያደረገች፣ ትደፋበታለች። ከዚያ «ዳፈንኩት» ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን። የኩበቱ ጢስ፣ የአደስ ቅቤዋ ሽታና የዚያች ቃል ድምፅ ተቀላቅለው እንቅልፍ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። ዛሬም፣ ሰባ ዓመት አልፎኝ፣ እንቅልፍ እምቢ ባለኝ ሌሊት የማስበው ያንን አመድ ነው።

አንዳንድ ጠዋት ታዲያ አመዱ ሲገለጥ ፍሙ ሞቶ ይገኛል። ያን ጊዜ የእኔ ሥራ ይጀምራል፤ «ሂድ፣ እሳት ጭረህ ና!» ገሌን ይዤ እወጣለሁ። ገል ስል የጋን ስባሪ ነው፤ የእኔው ከአንድ የተሰነጠቀ ጋን ጎን የወጣ፣ ሁለት መዳፍ የሚያህል፣ ጎበጥ ያለ፣ ዳርና ዳሩ በእጅ ብዛት የለሰለሰ ነበር። ከሐይቁ የሚነሳው ጉም ገና ከባሕር ዛፉ ሥር አልተነሳም፤ ከገዳሙ በኩል የደወል ድምፅ በውኃው ላይ ተንሳፍፎ ይመጣል፤ እኔ በባዶ እግሬ ጤዛውን እየረገጥሁ ከእኛ ግቢ ወደ ጎረቤታችን ወደ እማማ ቤት እሻገራለሁ። እማማ ሙስሊም ነበሩ፤ ሱብሒ ሰግደው፣ ቡናቸውን ለመቁላት ምጣዷን የሚጥዱበት ሰዓት ነው። በወሎ እንዲህ ነው፤ የእኛ ቤት ፍም ከእርሳቸው ምድጃ የመጣ፣ የእርሳቸው ፍም ከእኛ ምድጃ የሄደ ነበርና የማን እሳት የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። «አብሽር ልጄ፣ ግባ» ይሉኛል። ገሌን ተቀብለው መጀመሪያ ከሥሩ አመድ ይነሰንሱበታል፣ እጄን እንዳያቃጥለኝ፤ ቀጥሎ ሁለት ሦስት ፍም፤ ከላይ ደግሞ ሌላ ስስ አመድ፣ ነፋሱ እንዳይነጥቀኝ። ሕጉንም እርሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። አትሩጥ፣ ከሮጥህ ይነድድብሃል። አትዘግይ፣ ከዘገየህ ይሞትብሃል። በጭድ ክምር አጠገብ ደግሞ በፍጹም እንዳታልፍ።

ስምንት ዓመቴ ይሆን ዘጠኝ፣ አንድ ጠዋት በጭድ ክምሩ አጠገብ አለፍሁ። ለምን እንዳለፍሁ አስታውሳለሁ፤ አንዲት ወፍ ክምሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ጅራቷ ረጅም፣ ከሐይቁ ዳር የምትመጣ ዓይነት። አንገቴን ቀና እንዳደረግሁ ገሉ አዘነበለ፤ ከፍሙ አንዲት ብናኝ፣ የጤፍ ፍሬ የማታህል፣ ወደቀች። ምንም አልመሰለችኝም። ቤት ገብቼ ገሉን ለእናቴ ካስረከብሁ በኋላ ነው የጢሱ ሽታ የተለወጠው፤ የኩበት ሳይሆን የጭድ፣ ሹል፣ ዓይን የሚቆጠቁጥ። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። እማማ ከምድጃቸው የዛቁትን አመድ በሰፌድ ተሸክመው ሲሮጡ ነጠላቸው ከራሳቸው ወድቆ ነበር፤ እናቴ በውኃ የተነከረ ጆንያ ይዛ፣ አባቴ በአካፋ አፈር እያነሳ። መጀመሪያ አመዱ ነበልባሉን አስተኛው፤ ቀጥሎ እርጥቡ ጆንያ የቀረውን ጨረሰው። ማንም አልመታኝም። እማማ ብቻ አጠገቤ ተቀምጠው፣ አመድ በነካው እጃቸው ጉንጬን እየዳበሱ፣ «እሳት ክፉ አይደለም፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ከመካከል ያመለጠው ነው ክፉው» አሉኝ። ይህን ቃል ወደ በኋላ እመለስበታለሁ፤ አርባ ዓመት ሙሉ እንጀራ የበላሁበት ቃል ነውና።

የእኔ ሙያ ባዮኬሚስትሪ ነው። በተለይም ኢንዛይሞችን፣ ከእነርሱም ውስጥ ኤሌክትሮን የሚያቀባብሉትን ነበር የማጠናው። ወደ ትውልድ ሰፈሬ ወደ ሐይቅ ስመጣ ጎረቤት «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ምን እንደምል ይጨንቀኝ ነበር፤ ኋላ ግን «እርሾ ነው የማጠናው» ማለት ለመድሁ፤ ይህ ደግሞ ውሸት አልነበረም። ጀርመናዊው ኪውነ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ «ኢንዛይም» የሚለውን ስም ሲያወጣ ከግሪክኛ የወሰደው ቃል «በእርሾ ውስጥ ያለ» ማለት ነው። የመጀመሪያው ኢንዛይም ከመታወቁ በፊት ግን እርሾውን የሚያውቁ እጆች ነበሩ፤ የእናቴ እጅ ከእነርሱ አንዱ ነው።

ለጠላ ብቅል ስታበቅል ማየት ነበረባችሁ። ገብሱ ይዘፈዘፋል፤ ከውኃው ይወጣና በሰፋፊ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ድንጋይ ተጭኖበት፣ ከቤቱ ሞቃት ጥግ ይቀመጣል። በሦስተኛው ቀን ገደማ እጄን ከቅጠሉ ሥር አስገብቼ ስዳብሰው እህሉ እንደ ትኩሳተኛ ልጅ ግንባር ይሞቃል፤ ነጫጭ ሥሮቹ ተጠላልፈው እንደ ስጋጃ ሆነዋል። ሽታው፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ዝናብ የመታው አዝመራና የዱባ ውስጥ ተቀላቅሎ። ከዚያ ይደርቃል፣ ይፈጫል። እንስራው በግራዋ ቅጠል እስኪያብረቀርቅ ይታሻል፣ በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ የጌሾው ዱቄትና ብቅሉ በውኃ ይጠነሰሳሉ። ቀን ተቆጥሮ እንኩሮው ሲነኮር ቤቱ በቡናማ ሽታ ይሞላል፤ የእናቴ ትልቁ ጥንቃቄም ያኔ ነበር። እንኩሮውን በሰፌድ ዘርግታ ታቀዘቅዘዋለች። እኅቴ ቸኩላ ትኩሱን ልትጨምር ስትል እጇን ይዛ፣ «ተይ፣ ብቅሉን ትገድይዋለሽ!» ትላታለች። እኔ ያን ጊዜ ብቅል እንዴት ይሞታል እያልሁ አስብ ነበር። የደረቀ፣ የተፈጨ ነገር ዳግመኛ የሚሞተው ምኑ ነው?

መልሱን ያገኘሁት ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ፓየን እና ፔርሶ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1833 ከገብስ ብቅል ውኃ ውስጥ አንድ ነጭ ነገር በአልኮል አውጥተው፣ ስታርችን ወደ ስኳር እንደሚለውጥ አሳዩ፤ ስሙንም ዲያስቴዝ አሉት። ሰው በእጁ ለይቶ ያወጣው የመጀመሪያው ኢንዛይም እርሱ ነው። ሲፈላም ኃይሉን ያጣል፤ ምክንያቱም ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፣ ተጣጥፎ የተሠራ ፕሮቲን፣ ሥራውም በእጥፋቱ ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት እጥፋቱ ይፈታና፣ እንደ ተቀቀለ እንቁላል፣ ወደ ቀድሞው አይመለስም። እናቴ «ትገድይዋለሽ» ያለችው ቃል በቃል ትክክል ነበር። መጽሐፉ ላይ ያንን ገጽ ሳነብብ የተዘረጋው እንኩሮ ሽታ ከወረቀቱ የወጣ መሰለኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ትንሽ መቆየት ነበረብኝ።

ስለ ሐይቁ ትንሽ ልበል፤ ያለ እርሱ ይህ ጨዋታ አይሟላም። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አምባሰልን ከበላይ አድርጎ፣ በተራሮች መካከል የተኛ ውኃ ነው፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። የእስጢፋኖስ ገዳም ዛሬ በየብስ ቢገናኝም ቀድሞ ደሴት ነበር፤ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ መጻሕፍት የተጻፉበት፣ ሴት የማትገባበት ቦታ። በእኔ ልጅነት ውኃው ጥርት ያለ ነበር፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ ዓሣ ከገባበት ወዲህ ግን በአልጌ እየለመለመ እንደ ሄደ እነ ኤልሳቤጥ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። ዓሣው ለብዙ ቤት እንጀራ ሆኗልና አልወቅሰውም። እኔ ግን የማስታውሰው ጥርት ያለውን ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሴቶች ነጠላና ጋቢ ይዘው የሚወርዱበትን፣ ደረቅ እንዶድ በድንጋይ የሚፈጩበትን ዳርቻ። እንዶድ ሲወቀጥ አፍንጫን ያስነጥሳል። ውኃ ሲነካው ደግሞ አረፋው እንደ አዲስ የተናጠ ወተት ይነሳል፣ እኛም በሸንበቆ እየነፋን ፊኛ እናደርገው ነበር።

ያ አረፋ እንኳ ኢንዛይም ነበረበት። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ አይተው ነው በቀንድ አውጣ የሚተላለፈውን የብልሃርዝያን መንገድ መቁረጫ ያገኙት፤ ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋርም እ.ኤ.አ. በ1989 ለሥራቸው «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። ኬሚስቶች ቆይተው ያዩት ነገር ግን ለእኔ የበለጠ ይገርመኛል፤ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ንጥረ ነገር በፍሬው ውስጥ ተዘጋጅቶ አይጠብቅም። ፍሬው ውስጥ ያለው ሁለት የስኳር ሰንሰለት የተሸከመ፣ ጉዳት የማያደርስ ሳፖኒን ነው፤ ፍሬው ሲፈጭና ውኃ ሲያገኝ፣ በዚያው ፍሬ ውስጥ ያለ ኢንዛይም አንደኛውን ሰንሰለት ይቆርጥና ኃይለኛውን ያወጣዋል። በአልኮል ብትነክሩት ኢንዛይሙ አይሠራም፣ ፍሬውም አይገድልም። ድንጋዩና ውኃው፣ የሴቶቹ ክንድ፣ ከቀመሩ አንዱ ክፍል ነበሩ። ይህንን ለተማሪዎቼ ሳስተምር ሁልጊዜ ድምፄ ይለወጥ ነበር።

በ1960 ዓ.ም. ደሴ ሄድሁ፤ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት። ስንቄ በሶ ነበር፣ እናቴ በጨው አድርጋ ያሸችው፣ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ፤ የጭነት መኪናው በጣልያን ዘመን መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ቋጠሮውን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። የኬሚስትሪ ክፍሉ የድኝና የጋዝ መብራት ሽታ ነበረው። አንድ ቀን መምህራችን ጥሬ ጉበት በሳህን አምጥቶ፣ ከቡናማ ጠርሙስ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጠብ አደረገበት፤ ጉበቱ ወዲያው ነጭ አረፋ አፈላ፣ ሳህኑን ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህሩ የክብሪት ጭራሮ ለኩሶ፣ አጥፍቶ፣ ጫፉ ፍም ብቻ እንደሆነ ወደ አረፋው ሲያስጠጋው ፍሙ ቦግ ብሎ ነደደ። «ኦክሲጅን ነው» አለ። «ካታላዝ የሚባል ኢንዛይም ነው ያወጣው።» ሌሎቹ አረፋውን ሲያዩ እኔ ፍሙን ነበር የማየው። ያ ቀን ይመስለኛል የእኔን ነገር የወሰነው። በዚያው ሳምንት ለእናቴ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ማንበብ ስለማትችል የምታነብላት የእማማ የልጅ ልጅ ነበረች፤ ስለዚህ ደብዳቤው ሁለት ቤት ነው የሚገባው።

አራት ኪሎ የገባሁት በ1964 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ገና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱ ላይ ዝናብ እየመታ፣ መምህራችን በሰሌዳው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ረጅም መስመር አሰመረ። የበላነው ምግብ፣ አለ፣ ኤሌክትሮኖቹን አሳልፎ ይሰጣል፤ ኤሌክትሮኖቹ በሴሉ ውስጥ ካለች ሚቶኮንድሪያ ከምትባል ቅንጣት ላይ ከአንዱ ተሸካሚ ወደ ሌላው ይተላለፋሉ። ኬይሊን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1925 ሳይቶክሮም ብሎ የሰየማቸው ባለቀለም ፕሮቲኖች ከተሸካሚዎቹ መካከል ናቸው። በመጨረሻ ኦክሲጅን ተቀብሎ ውኃ ይሆናል። ሙቀታችን፣ ጉልበታችን፣ ይህን እጄን የማነሳበት ኃይል፣ ሁሉም ከዚያ ቅብብል ነው። ሰጪው ኦክሲዳይዝድ ሆነ ይባላል፣ ተቀባዩ ሪዲዩስድ፤ ሁለቱን አጣምረን ሬዶክስ እንላለን። «ታዲያ» አለ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ፣ «አንዳንዴ አንድ ኤሌክትሮን ከመንገድ ያመልጣል። ኦክሲጅን ያለ ወረፋው ይነጥቀዋል። ሱፐርኦክሳይድ ይሆናል። የነካውንም ያቃጥላል።»

እኔ እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ። ጤዛው፣ ገሉ፣ ወፏ፣ የጭዱ ጢስ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡ። ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ከመካከል ያመለጠው ነው ክፉው።

መምህሩ ቀጥሎ የነገረን ያኔ አዲስ ወሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ማኮርድ እና ፍሪዶቪች የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያመለጠውን የሚያስተኛ ኢንዛይም አገኙ፤ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚዩቴዝ አሉት። እርሱ ሱፐርኦክሳይዱን ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያወርደዋል፤ ካታላዝ ደግሞ፣ ያ የጉበቱ፣ ፐርኦክሳይዱን ውኃና ኦክሲጅን አድርጎ ይጨርሰዋል። መጀመሪያ አመዱ፣ ቀጥሎ እርጥቡ ጆንያ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ላጠና አልፈለግሁም።

ከእድገት በኅብረት ዘመቻ መልስ ተመርቄ ረዳት ሆኜ ስቀጠር የመጀመሪያ ሥራዬ ያንኑ ኢንዛይም ከበሬ ደም ማውጣት ነበር። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ቴርሞስ ይዤ ቄራ እሄዳለሁ፤ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ የአራጆቹ ፋኖስ በእንፋሎቱ ውስጥ ይወዛወዛል፤ ሰዎቹ ለምደውኝ «ያ የደሙ ልጅ መጣ» ይላሉ። ደሙን እንዳይረጋ አድርጌ፣ በበረዶ ከብቤ፣ ታክሲ ላይ በጉልበቴ መካከል ይዤ እመለሳለሁ። ቀዩ ሄሞግሎቢን በክሎሮፎርምና በአልኮል ተረግቶ ሲወገድ፣ ከሊትሮች ደም የሚቀረው ጥቂት ጠብታ ነው። ስንት ቀን ከደከምሁ በኋላ አንድ ማታ ብቻዬን ሳለሁ ያቺን የብርጭቆ ቱቦ ወደ መብራቱ አነሳኋት። በውስጡ መዳብ ስላለበት ኢንዛይሙ ሰማያዊ አረንጓዴ ነው። ልክ የቀትር ሐይቅ፣ ደመና በሌለበት በጥቅምት፣ ከገዳሙ ኮረብታ ላይ ሆነው ሲያዩት። ከቀይ ደም ውስጥ ሐይቅን አወጣሁ ብዬ ጮኽሁ፤ ዘበኛው በሩን ከፍቶ ምን ሆንህ ብሎ ጠየቀኝ፣ እርሱንም ጠርቼ አሳየሁት። ቱቦዋን በሁለት ጣቱ ይዞ ዝም ብሎ ቆየና «ያምራል» አለ። ያችን ምሽት ከተቀበልኋቸው የምስክር ወረቀቶች ሁሉ አስበልጣታለሁ።

ለትምህርት ወደ ውጭ ሄጄ፣ በሰሜን አውሮፓ አንዲት ከተማ፣ አምስት ክረምት አሳለፍሁ። ስለዚያ ብዙ የምለው የለኝም፤ መሣሪያው የተሟላ፣ ሰዉ ደግ፣ ቀኑ አጭር ነበር። አንድ ነገር ብቻ። ከላቦራቶሪው ወዲያ የቢራ ፋብሪካ ነበር፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቅል ሲያፈሉ ነፋሱ ሽታውን ወደ እኛ ያመጣዋል። በረዶው ላይ ቆሜ፣ ካፖርቴን እስከ አገጬ ቆልፌ፣ ቅጠል የለበሰው የእናቴ ገብስ ይታየኛል፤ ጣቶቼ ይሞቁኛል። ቡክነር የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1897 እርሾን ከአሸዋ ጋር ወቅጦ፣ ሕይወት የሌለበትን ጭማቂ ብቻ ስኳር ላይ ጨምሮ ሲፈላ ባየ ጊዜ ምን እንደተሰማው የገባኝ እዚያ ነው። ሙቀጫ ነው የያዘው ሰውየው። ሙቀጫና ዘነዘና።

በ1976 ዓ.ም. ተመለስሁ። ስለ 1966ቱና ስለ 1977ቱ የወሎ ረሃብ እዚህ አላወራም፤ ያ የራሱ ቁጭት፣ የራሱ ለቅሶ አለው፣ በጨዋታ መካከል የሚወረወር አይደለም። የእኔ ሥራ ያኔ ቀይ የደም ሴል ላይ ነበር። ቀይ ሴል ሚቶኮንድሪያ የለውም፤ ኦክሲጅን ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ይውላል፣ ልክ ፍም በገል ይዞ እንደሚሮጥ ልጅ። ከሚያመልጠው ብናኝ የሚጠብቀው አመዱ ግሉታታዮን ነው፤ ግሉታታዮንን የሚያድሰው ኤንኤዲፒኤች የሚባል ኤሌክትሮን አቀባይ ነው፤ ኤንኤዲፒኤችን የሚያዘጋጅለት ደግሞ ጂ6ፒዲ የሚባል አንድ ኢንዛይም ነው። ይህ ኢንዛይም በውርስ የደከመባቸው ሰዎች አሉ። ደህና ይኖራሉ፣ ያርሳሉ፣ ይወልዳሉ፤ ነገር ግን የወባ መድኃኒቱን ፕሪማኩዊንን ሲወስዱ፣ አንዳንዶቹም ባቄላ ሲበሉ፣ ቀይ ሴሎቻቸው ይፈርሳሉ፣ ሽንታቸው እንደ ጥቁር ቡና ይሆናል። የፕሪማኩዊኑ ምክንያት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። በአገራችን ይህ ድክመት ከደገኛው ይልቅ በምዕራብ ቆላ በኩል ይበዛል። ለሚያክም ሐኪም ድክመቱ ያለበት ማን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

ማወቂያው ደግሞ እንዴት ያለ ውብ ነገር መሰላችሁ! ቦይትለር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው ዘዴ ነው። ከጣት የተወሰደች አንዲት የደም ጠብታ ከቅመሙ ጋር ትቀላቀላለች፤ ደቂቃ ተቆጥሮ ወረቀት ላይ ትነጠባለች፤ ትደርቃለች። ከዚያ መብራቱን ታጠፋላችሁ፣ መጋረጃውን ትዘጋላችሁ፣ አልትራቫዮሌት መብራቱን ታበራላችሁ። ኢንዛይሙ ያለበት ነጥብ፣ ኤንኤዲፒኤቹ ስለተሠራ፣ በጨለማው ውስጥ ነጣ ያለ ሰማያዊ ያበራል። የሌለበት ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ያ ጨለማ ክፍል ከአንድ ጓዳ የማይበልጥ፣ የመጋረጃው ጨርቅ የአቧራ ሽታ ያለው፣ ማራገቢያው የሚያቃስት ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ መውጣት አልወድም። ቅመሙ ከውጭ ለመምጣት ወራት ይፈጅ ነበር፤ የጤፍ ቁንጥር የምታህል ዱቄት በትንሽ ብልቃጥ። መብራት ሲጠፋ ብልቃጧን ይዤ ማቀዝቀዣ ፍለጋ ከሕንፃ ሕንፃ እዞራለሁ፣ አልሮጥም፣ አልዘገይም።

አንድ የፋሲካ ሰሞን ሐይቅ ስሄድ የማጣሪያ ወረቀት ይዤ ሄድሁ። እናቴ አርጅታ ነበር፤ እማማም ዓይናቸው ደክሞ፣ መደባቸው ላይ ሆነው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ሁለቱን አስፈቅጄ ጣታቸውን ወጋሁ። እናቴ «ደሜን ምን ልታደርገው ነው?» አለችኝ። «እሳት አድሮበት እንደሆነ ላይ» አልኋት። እማማ ሳቁ፤ «አድሮበታል እንጂ! ዳፍነነው ነው የምንተኛው» አሉ። ወረቀቱን አድርቄ፣ በመጽሐፍ መካከል አድርጌ፣ አዲስ አበባ ወሰድሁት። ያን ማታ ክፍሉን አጨለምሁና መብራቱን አበራሁ። ሁለቱም ነጥቦች ጎን ለጎን አበሩ፣ አንዱ ከሌላው በማይለይ ሰማያዊ። የትኛው የማን እንደሆነ ጽፌበት ነበር፤ ግን ብርሃኑ ውስጥ ጽሑፉ አይታይም። ብዙ ጊዜ ቆሜ አየኋቸው። ሌላ ነጥብ መመርመር ነበረብኝ፣ ለነገ ተውሁት።

አሁን ሁለቱም የሉም። እኔ ጡረታ ወጥቼ ዓመቱን በከፊል እዚህ ሐይቅ እኖራለሁ፤ ሰፈሩ መብራት አለው፣ ወጣቶቹ ላይተር በኪሳቸው ይዘዋል፣ ማንም ማንንም እሳት አይጠይቅም። ቢሮዬን ስለቅቅ ከዕቃዎቼ መካከል ገሉን አገኘሁት። ከሰሌዳው በታች፣ የተሰበሩ ፒፔቶች በምናስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ አንድ ጊዜ ከቤት አምጥቼው፣ ተማሪዎች «ይህ ምንድን ነው?» እያሉ ሲጠይቁኝ እንደ መልስ ይዤ አነሳው ነበር። በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤው መጣሁ።

የእማማ የልጅ ልጅ፣ ያቺ ደብዳቤዬን ታነብብ የነበረችው፣ ዛሬ እርሷም አያት ናት፣ በዚያው ግቢ ትኖራለች። ትናንት ከሰዓት ቡና ስትጠራኝ ገሉን ይዤላት ሄድሁ። ዳር ዳሩን በጣቷ ዳበሰችው። ከሥሩ አመድ ነሰነሰች፤ ከማንደጃው ሁለት ፍም በመቆንጠጫ አንስታ አስቀመጠችበት፤ እጣን ጣል አደረገችበት። ጢሱ በመጀመሪያ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ኋላ ከሐይቁ በኩል በመጣው ነፋስ ወደ እኛ ግቢ ዘነበለ። «ያዝልኝ እስቲ ጋሼ፣ ወደ ውስጥ አስገባልኝ» አለችኝ። ተቀብዬ፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ ጭዱ በነበረበት በኩል ሳይሆን በዙሪያው አድርጌ ገባሁ።